ውኃ የማይጠጣ መሬት የሰጠኝ ሰው

ባሻ ደግፌ የሞተ መሬት ሰጥቶ ሕያው መሬቴን ወሰደብኝ። ወሰደብኝ ስል ሰርቆ አይደለም፤ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ተጨባብጠን፣ ተመራርቀን ነው። መሬቱ የሞተ መሆኑን እሱ ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። በደሉ ይኸው ነው።

ባለፈው ጥቅምት ሞተ። ሾላ ገበያ በርበሬ ስገዛ አንዲት የሰፈራችን ሴት «አበልጅህ አረፉ፣ ሰማህ?» አለችኝ። አረፉ የሚለው ቃል ራሱ አስጠላኝ። መቼ ደክሞ ያውቅና ነው የሚያርፈው? ቢሆንም ቀብር አይቀርም፤ ሄድኩ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ፣ ከአሮጌዎቹ ጽዶች ሥር ተቆፈረለት። ቆፋሪዎቹን ላብ እንኳ አላላባቸውም። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ትል የሚርመሰመስበት፣ በእጅ የሚዛቅ አፈር ነው። ቆሜ አየሁት። ዕድሜ ልኩን ባሕር ዛፍ ሲተክል ኖሮ፣ ያን ሁሉ ተዳፋት አመድ አስመስሎት፣ ራሱ ሲሞት የጽድ አፈር ለበሰ። ለእኔ ያንን፣ ለእሱ ይኼንን! አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ያዘንኩ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በቀብር ላይ ምን ይባላል?

ባሻ የሚለው ማዕረግ ከየት እንደመጣ እንጃ። ወታደር ነበርኩ ይል ነበር፤ አብሮት የዘመተ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ እርጅናው ወገቡ ያልጎበጠ ሰው ነው፤ ራሱ ባሕር ዛፍ ይመስል ነበር። መንገድ ሲሄድ ቅጠል ሳይሸመጥጥ አያልፍም። በሁለት ጣቱ ፈትጎ ፈትጎ አፍንጫው ሥር ይወትፈዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ይስበውና «መድኃኒት!» ይላል። ጋቢው፣ ጢሙ፣ እጁ ያንኑ ይሸታል። ቅዳሴ አጠገቡ ከቆምኩ ከዕጣኑ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእሱ ሽታ ነበር። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ምራቄን እተፋለሁ። እንጦጦ ላይ እየኖረ ይኼ ሽታ ያስጠላው ሰው ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር እናንተው ገምቱት።

ዛፎቹን እንደ በሬ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያደርጋቸዋል። እኛ ሞፈርና ቀንበር ተሸክመን ስናልፍ ከጥላው ሥር ተጋድሞ ይጠራናል።

«ገብሬ! ዛሬም ልታርስ ነው?»

«አዎ ባሻ፤ ምን ይደረግ?»

«እናንተ ቆማችሁ በሬው ይተኛባችኋል። የኔው ግን እኔ ተኝቼ ይቆምልኛል!»

ከዚያ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እኔም አብሬው እስቅ ነበር።

ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ቤቴ የተቃጠለ ጊዜ ሳልጠይቀው ማገርና ወራጅ ቆርጦ በአህያ አስጭኖ ላከልኝ። ልጄን ክርስትና ያነሳቻት ሚስቱ ናት፤ አበልጅ የሆንነው በዚያ ነው። በዓመት በዓል ነጠላ ሳይዝላት መጥቶ አያውቅም። ዛሬም የምተኛው በእሱ ወራጅ ሥር ነው። ጋደም ብዬ ቀና ስል የማየው የእሱን ዛፍ ነው። አፍርሼ ልሠራው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ ግን በምን? አገሩን ሁሉ ሌላ እንጨት የሌለበት አድርጎት!

አባቴ የተወልኝ መሬት ከታች፣ ከወንዙ ዳር ነበር። ሰፊ አይደለም፤ ግን ራሱ ላይ ምንጭ አለው፤ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚቀዱት ከዚያ ነው። የባሻ መሬት ደግሞ እላይ፣ ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ከእኔ ቤት ደጅ ነው። ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ባሕር ዛፍ ነበረበት። አንድ በጋ ዛፉን ጠርጎ ሸጠው። ጉቶውን አስነቀለ፤ ጓሉን አስገለበጠ፤ ጓሉን ከልጡና ከኩበቱ ጋር እየከመረ አቃጠለው። ጭሱ ቤቴ ድረስ ይገባ ነበር። እኔ መሬት የሚያጸዳ መሰለኝ። በክረምቱ ገብስ ዘራበት።

መስከረም ላይ ጠራኝ። «አበልጄ፣ ና እስቲ ግባበት» አለኝ። ገባሁ። ገብሱ ደረቴን አለፈ።

«ሰው የሚውጥ ገብስ አይተህ ታውቃለህ?»

«እንዲህ ያለውስ አላየሁም ባሻ።»

«እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ እርሻ የጎልማሳ ሥራ ነው። የወንዝ ዳሯ መሬትህ ለዛፍ ትመቸኛለች። እንለዋወጥ። ይኼ በስፋት እጥፍ ነው፣ ደግሞም ደጅህ ላይ ነው። ለልጄ ስል ነው እንጂ ለሌላ ሰው አላደርገውም!»

ልጄ የሚለው የእኔን ልጅ ነው።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለአስካለ ነገርኳት። «ሲነግርህ ይስቅ ነበር?» አለችኝ።

«ይስቅ ነበር፤ ደስ ብሎት ነው።»

«እኮ፤ መሬቱን የሚሰጠው እሱ፣ ደስ የሚለውም እሱ? ምን አግኝቶ ነው?»

የሴት ነገር ነው ብዬ ተውኳት። የተማመንኩት ባየሁት ገብስ ነው። እኔ ያደግሁት ከታች በመረሬ፣ በጥቁር ጭቃ መሬት ነው፤ ጓል አቃጥሎ መዝራት የላይኛው የደጋ ሰው ሥራ ነው። የተቃጠለ ጓል ለአንድ ክረምት ያለውን ሁሉ አራግፎ ይሰጣል። ሣር የነበረበት መሬት ከሆነ ዓመታት አሳርፈውት ነፍስ ይዘራል። ባሕር ዛፍ የኖረበት ግን ምኑን ይዝራ? ያንን ገብስ ያበቀለው አመዱ ነው እንጂ መሬቱ አይደለም። ይኼንን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ ራሴን ካስበላሁ በኋላ።

በሚቀጥለው ክረምት ዘራሁ። ገብሱ ጣት አክሎ ወጣና ቢጫ ሆኖ ቀረ። ዝናቡ እንደጉድ ይወርዳል፤ ሲያባራ ቆፈር ባደርገው ከላይ እርጥብ መስሎ ከሥሩ ደረቅ ዱቄት ነው። ቅቤ በጠጣ ቁርበት ላይ ውኃ ያፈሰስክ ይመስል፣ መሬቱ ውኃውን አልጠጣም ብሎ ቁልቁል ይሰደዋል። ከየስርቻው የተረሳ ሥር ደግሞ ቀይ ቀይ ቡቃያ ያወጣል። እህል የለ፣ ሣር የለ፣ ጉንዳን እንኳ የለ፤ የሚበቅለው እሱ ብቻ ነው።

ሄድኩ። ከዛፍ ሥር ተጋድሟል።

«ባሻ፣ መሬቱ እምቢ አለ።»

«የእግዜር ሥራ ነው አበልጄ። እኔ ምን አውቃለሁ? በኔ እጅ ሲሆን አይተኸዋል።»

በኔ እጅ ሲሆን! ይህችን ቃል በየሄደበት ጣላት። በኛ አገር ዘር ሲጀመር የመጀመሪያውን ጭብጥ የሚበትነው እጁ የሚባርክ ሰው ነው። አባቴ እንደዚያ ነበር፤ እየዞረ የሰፈሩን ሁሉ ዘር ያስጀምር ነበር። እሱ ሲሞት ለእኔ አወረሱኝ፤ ያንን ለውጥ እስካደረግሁ ድረስ ኦቦ ጫላ እንኳ፣ እኚያ በሰው የማይደሰቱ ሽማግሌ፣ ያለእኔ ዘር አይጀምሩም ነበር። ባሻ ያንን ከተናገረ ወዲህ የጠራኝ የለም። ሰላምታው አልቀረም፣ እድሩ አልቀረም፤ ዘር ሲጀመር ግን በደጄ አልፈው ሌላ ሰው ይጠራሉ። አንዱ በሚስቴ ፊት «እጁ እኮ ነው፣ መሬቱ ምን አደረገ?» አለ። አስካለ ማታ ስትነግረኝ ፊቷን አዙራ ነው።

መሬት ይመለስልኝ ብዬ ክስ ያላነሳሁት ለዚህ ነው። የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ያውቅ እንደነበር በሰው ፊት እንዲናገር። እሱን ካላለ እጄ እንደረከሰ እሞታለሁ።

ከዚያ ወዲህ አንቱ ያልኩት በፊቱ ብቻ ነው። ከበስተኋላው አንቱ የሚለው አፌ ደርቋል፤ እዚህም የማልጽፈው ለዚህ ነው።

ያንን መሬት እንዴት እንዳከምኩት መናገር አልወድም፤ ሥራው የሚያኮራ ሳይሆን የሚያስመርር ነው። መጀመሪያ ሥር ለቀማ ነው። መሬቱን እያገላበጥክ እንደ ሽማግሌ ጣት የተቆላለፈውን ሥር ስትመዝ ትውላለህ፤ ነገ ስትመጣ ሌላ አለ። ቀጥሎ ጎርፉ እንዳይሮጥ ድንጋይ በድንጋይ እየደረደርኩ አገድኩት። ፋንድያ አፈሰስኩበት፤ እንዳፈሰስኩት ደርቆ ተቀመጠ። የሚያበሰብሰው ነገር ከየት ይምጣ? አንዲት ጥግ ግን ሣር ነበረባት። ለምን ብዬ ሳጣራ፣ የኪዳነ ምሕረት ግቢ ጎርፍ ከጽዶቹ ሥር እያጠበ የሚያራግፈው እዚያ ነው።

ከዚያ ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄድኩ። ሳቂታ፣ ደግ ቄስ ናቸው።

«አባቴ፣ አፈር ይስጡኝ።»

«ምን? ጸበል ነው ያልከኝ?»

«አፈር። ከጽዱ ሥር፣ ከነቅጠሉ፣ ከነሻጋታው። ሊጥ ያለ እርሾ አይነሳም አይደል? እርሾ ልጣልበት።»

ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ ፈቀዱ። የቤተ ክርስቲያን አፈር ተሰረቀ እንዳይባል ራሳቸው ቆመው ያስዝቁኝ ነበር፤ ከመቃብር በኩል ግን እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ። ቅርጫቱን ተሸክሜ ስወጣ ባሻ በር ላይ ከቆመ «አበልጄ ደግሞ አፈር መለመን ጀመረ!» ይላል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሰው ይስቃል።

ከጎጃም ነጋዴ ግብጦ አግኝቼ ዘራሁ። ሲያብብ፣ በስብሶ አፈሩን እንዲያፋፋ፣ ገልብጬ አረስኩት። የአረቄ ቤት ቁርስ ታበቅላለህ ወይ፣ መራራ እኮ ነው አሉኝ። እኔስ? በላይኛው ዳር ወይራና ኮሶ ተከልኩ፤ ብዙው ደረቀ፤ እንደገና ተከልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እሷ ታነባለች፣ እኔ በጭቃ እጄ አፈሩ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጓል ስፈልጥ የአፈር ትል አየሁ። ወፍራም፣ ቀይ ትል። ሚስቴን ጮኼ ጠራኋት።

«ለዚህ ነው ከእሳት ያስነሳኸኝ?» አለች። ቀጥላ ግን ቁጢጥ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። «አሁን ይበቅላል ማለት ነው?» አለችኝ።

«ይበቅላል።»

በቀለም። የደረት ገብስ አይደለም፤ የጉልበት ገብስ ነው። ግን በየዓመቱ የሚመለስ ገብስ ነው። ሰው አይቶ ምን አለ? «ኪዳነ ምሕረት ረድታው ነው» አለ። እጄ አሁንም እጄ ነው።

ታች ደግሞ ባሻ የአባቴን መሬት ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ አደረገው። ምንጩ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቀጥሎ በበጋ ጠፋ፤ ቀጥሎ ጨርሶ ቀረ። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ሌላ ሸለቆ ይወርዱ ጀመር። እሱ ግን ሲገናኘን «ዛፉ አማረ አይደል አበልጄ?» ይለኛል። ሰው ፊት ላይ ያለመትፋት ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሁለታችንም የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ነን። ማኅበር ላይ ተጣልቶ ጽዋ መጠጣት የለም። እኔ ከእሱ ጋር አልጠጣም ብዬ ለዓመታት ቀርቼ ነበር። በኋላ ለዓመቱ ንግሥ ተረኛው ባሻ ሆነ። ቄስ ሞገስ «ሳትታረቁ የእሱን ጽዋ አልባርክም» አሉ። ድግሱ ተደግሷል፣ ጠላው ተጠምቋል፤ ስለዚህ ያ ሰው ያለወትሮው ከተጋደመበት ተነሣ።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ደጄ መጡ። እንደ ደንቡ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ በዳዩ ተበዳዩ ካላስወረደው ማውረድ አይችልም። ድንጋዩን ሳየው ግን ሳቄ መጣ። ያ ቀዳዳው የበዛ፣ ወንፊት የሚመስል፣ ውኃ ላይ ሊንሳፈፍ ትንሽ የቀረው ድንጋይ ነው። ኦቦ ጫላም አዩት።

«ባሻ፣ ይቺን መርጠህ ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ወገቤን ያመኛል፣ ተወኝ እባክህ።»

ከዚያ አቀርቅሮ፣ ድምፁን አለስልሶ ተናገረ። «አበልጄን አስቀይሜዋለሁ። የተለዋወጥነው ይፍረስ። የአባቱን መሬት ይውሰድ፣ የኔን ይመልስልኝ። ለነፍሴ ነው።»

ሽማግሌዎቹ «እሰይ! እሰይ! ኪዳነ ምሕረት ታክብርህ!» አሉ። ከጓሮ ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ሽማግሌማ ዓይኑን ጠረገ። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ያከምኩትን መሬት ወስዶ፣ እሱ የገደለውን ሊሰጠኝ ነው! በአንገቱ ድንጋይ፣ በአፉ ነፍሴን እያለ፣ ሁለተኛ ሊያርደኝ ነው!

«አልፈልግም» አልኩ።

«ገብሬ» አሉ ቄስ ሞገስ፣ «ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ? የዕለቷን አስብ እንጂ።»

«አባቴ፣ እኔ መሬት ጠይቄ አላውቅም። ባሻ ይንገሩኝ፤ መሬቱ የሞተ መሆኑን ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም?»

«የእግዜር ሥራ ነው...»

«ኦቦ ጫላ፣ ያ ቅል ውኃ አለበት?» አልኩ። ሽማግሌው ቅላቸው ከትከሻቸው አይለይም። «አለበት» አሉኝ። ወደ እርሻዬ ወስጄ ድንጋዩ እርከን ሥር አቆምኳቸው። «ያፍስሱት።» አፈሰሱ። የካቲት ነው፣ ዝናብ ካየን ወራት አልፎታል፤ አፈሩ ግን ውኃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣውና ጠቆረ። «አሁን ታች እንውረድ።»

«ምግቡ ይቀዘቅዛል» ያለም ነበር። ኦቦ ጫላ ግን ወረዱ፤ እሳቸው ከወረዱ ማን ይቀራል? ባሻ ድንጋዩን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ያ ወንፊት ድንጋይ ቁልቁለቱ ላይ ከበደው፤ ላቡ በጢሙ ይንጠባጠባል።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ዛፉ ብቻ ነው። ሥሩ ሣር የለም፤ ልጥና ደረቅ ቅጠል ነው፤ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። ኦቦ ጫላ ቅጠሉን በእግራቸው ገፈፍ አድርገው ውኃውን አፈሰሱ። ውኃው እንደ ዶቃ ድቡልቡል እያለ አቧራ ለብሶ ተንከባለለ። መሬቱ አልነካውም። ሽማግሌው ደግመው አፈሰሱ፤ ደግሞ ተንከባለለ። ከዚያ ምንጩ የነበረበትን ጉድጓድ አዩት። ቅጠል ሞልቶታል።

«እናቴ ከዚህ ስትቀዳ አዝላኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ዞሩ። «ባሻ፣ ለነፍስህ የምትመልስለት ይኼንን ነው?»

ባሻ ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ያኛውስ ያኔ ስትሰጠው እንዲህ ነበር? ታውቅ ነበር?»

ባሻ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ንዴትም እፍረትም የለም። አንድ ሰው ሲነቃበት እንዲህ ዘና ሲል ከዚያ በፊት አላየሁም።

«አውቅ ነበር!» አለ። «ታዲያ የማያውቅ ማን አለ? ባሕር ዛፍ የኖረበት እንዲህ መሆኑን እንኳን እኔ ፍየሉም ያውቃል፤ ሣር አጥቶ አልፎት ይሄዳል። በአንድ ክረምት ገብስ የተታለለ ይኼ ብቻ ነው!» ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድንጋዩ አንገቱ ላይ አብሮ ይዘላል። ማንም አልሳቀም። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱት።

ሽማግሌዎቹ ሁሉም በያዘው ይጽና ብለው ፈረዱ፤ ባሻ ደግሞ በምንጩ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች ከነሥራቸው እንዲያወጣ። ቆረጣቸው እንጂ አላወጣቸውም። ከአንዱ ጉቶ ሦስትም አራትም ሆነው ወጡ፤ ምንጩም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እንዳለውም ሆነ፤ እሱ ተኝቷል፣ እነሱ ቆመውለታል።

ያን ዕለት ግን ኦቦ ጫላ ቅላቸውን ደፍነው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው «ገብሬ፣ የበልግ ዘሬን የምታስጀምርልኝ አንተ ነህ፤ ጠዋት በጊዜ ና» አሉኝ። እሺ አልኩ። ደግሜ እሺ አልኩ። ከዚያ ወደ ባሻ ዞርኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። «አውርደው» አልኩት። አወረደው፤ አንገቱን አሻሸ፤ እጁን ዘርግቶ ቅጠል ሸመጠጠ፤ ፈትጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። እኔ ምራቄን ተፋሁ፤ ሽቅብ ወጥቼም ጽዋውን ጠጣሁ። ተጻፈ፦ የካቲት 16 ቀን 1958 ዓ.ም.